«ስልም እማ»፦ በአጭሩ የተጻፈ የቻት መልእክት እንዴት ይነበባል?

ባለፈው ክረምት አንዲት ጎረቤቴ ስልካቸውን ይዘው ቤቴ መጡ። የምንኖረው ደሴ፣ ሆጤ ነው። እማማ እላቸዋለሁ። ልጃቸው ጅዳ ሰው ቤት ትሠራለች። «ልጄ፣ ይቺን እስቲ አንብብልኝ። ከባንክ ነው የመጣሁት። ምንም የገባ ብር የለም አሉኝ» አሉ። በዚያ ዝናብ ፒያሳ ድረስ በእግራቸው ሄደው ነው የተመለሱት።

መልእክቱ በእንግሊዝኛ ፊደል የተጻፈ አማርኛ ነበር። እማማ እስከ 8ኛ ክፍል ተምረዋል፤ ፊደሉን ይለያሉ። ያሳሳተቻቸው አንዲት ባለ4 ፊደል ቃል ናት፦ ኤል፣ ኬ፣ ኤል፣ ደብሊው። እሳቸው «ልኬያለሁ» ብለው አነበቧት። ልጅቷ ግን «እልካለሁ» ማለቷ ነበር። ደመወዟ ገና አልተከፈላትም።

ያን ቀን ቡናው እስኪፈላ ቁጭ ብለን የቆዩትን መልእክቶች አንድ በአንድ አየናቸው። ከዚያ ወዲህ ሌሎች እናቶችም ስልካቸውን ይዘው ይመጡ ጀመር። ወሎ ውስጥ ልጅ ወይም እህት ዐረብ አገር ያልሄደበት ሰፈር ማግኘት ይከብዳል። ሰላምታው፣ የብሩ ጉዳይ፣ የሕመሙ ወሬ ሁሉ በኢሞ፣ በዋትሳፕና በቴሌግራም ነው የሚመጣው። አንዲት ቃል ስትሳት ሰው ይንገላታል። ስለዚህ አብረን የደረስንበትን የንባብ ዘዴ ጻፍኩት።

አንድ ነገር ልብ በሉ። እዚህ ጽሑፍ ውስጥ የእንግሊዝኛውን ፊደል በእኛ ሳድስ ፊደል ተክቼ ነው የምጽፈው። «ስልም» ብዬ ስጽፍ፣ ስልኩ ላይ የምታዩት ኤስ፣ ኤል፣ ኤም ነው። ይህ ለመጻፍ እንዲመቸኝ ብቻ አይደለም። የንባቡ ቁልፍም እሱ ነው፤ ወደ በኋላ ታዩታላችሁ።

ለምን እንዲህ ይጽፋሉ?

ስንፍና አይደለም። የድሮዎቹ ስልኮች የግዕዝ ፊደል አልነበራቸውም። ፊደላችን ዓለም አቀፉ የኮምፒውተር ፊደል ሰንጠረዥ፣ ዩኒኮድ ውስጥ የገባው በ1999 እ.ኤ.አ. ነው። ከገባ በኋላም ብዙ ስልክ ላይ ለመድረስ ዓመታት ፈጅቷል። ሌላም ምክንያት አለ። አንድ የስልክ አጭር መልእክት በእንግሊዝኛ ፊደል ሲጻፍ 160 ፊደል ይይዛል። በግዕዝ ፊደል ሲጻፍ ግን የሚይዘው 70 ብቻ ነው። 71ኛዋ ፊደል ስትጨመር ሁለት መልእክት ሆኖ ይቆጠራል። ብር ለመቆጠብ ሰው በእንግሊዝኛ ፊደል ጻፈ፤ እሱንም አሳጠረ። ዛሬ ቻቱ በኢንተርኔት ስለሆነ የፊደል ቁጥር አያሳስብም። እጅ የለመደው ልማድ ግን አልለቀቀም።

አማርኛን በሌላ ፊደል መጻፍ ለወሎ ሰው አዲስ ነገር አይደለም። የወሎ ሸኾች መንዙማውን በዐረብኛ ፊደል፣ በአማርኛ ቋንቋ ይጽፉ ነበር። አጀሚ ይባላል። ሸኽ ጦልሃ ጃዕፈር እንዲህ ከጻፉት አንዱ ናቸው። የዐረብኛው ጽሕፈት ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ አናባቢ አይጻፍበትም። መድረሳ የቀራ ሰው ሐረካ (የአናባቢ ምልክት) የሌለውን ቃል በልቡ ሞልቶ ያነባል። ልጆቻችን ስልክ ላይ የሚያደርጉት ተመሳሳይ ነገር ነው። ሐረካውን ያወጡታል፤ የሚሞላው አንባቢው ነው።

መጀመሪያ፦ በምን ቋንቋ እንደተጻፈ ለዩ

ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። የእንግሊዝኛ ፊደል ሲያይ እንግሊዝኛ ይመስለዋል። ከንፈራችሁን እያንቀሳቀሳችሁ ጮክ ብላችሁ አንብቡት። ጆሮ ከዓይን ይልቅ ቶሎ ይለየዋል። አማርኛ የሚመስል ድምፅ ካለው አማርኛ ነው። ምንም ቃል ካልወጣው የእንግሊዝኛ ምህጻረ ቃል ይሆናል። መሃሉ ላይ 7 እና 3 ቁጥር የተሰነቀረበት ከሆነ ደግሞ ዐረብኛ ሊሆን ይችላል። አንድ መልእክት ውስጥ ሦስቱም ሊቀላቀሉ ይችላሉ። የእማማ ልጅ መልእክቶች አብዛኞቹ እንዲያ ናቸው።

ቀጥሎ፦ ሳድሱን ጻፉ፣ ሰባቱን ቤት አዙሩ

ይህ የዘዴው እምብርት ነው። ወረቀትና እስክሪብቶ ያዙ።

የእንግሊዝኛውን ተነባቢ በሳድስ ፊደል ገልብጡት። ኤስ፣ ኤል፣ ኤም «ስልም» ይሆናል። ከዚያ ልጅ ሳለን ፊደል ስንቆጥር እንዳደረግነው አዙሩት፦ ሰ፣ ሱ፣ ሲ፣ ሳ፣ ሴ፣ ስ፣ ሶ። ቀጥሎ ለን አዙሩ። ሰባቱንም ግን መሞከር አያስፈልግም። ከልምድ ያየሁትን ልንገራችሁ፤ ብዙ ጊዜ መልሱ ግዕዝ (አንደኛው፣ ሰ)፣ ራብዕ (አራተኛው፣ ሳ) ወይም ራሱ ሳድስ (ስድስተኛው፣ ስ) ላይ ይገኛል። መጀመሪያ ግዕዙን፣ ከዚያ ራብዑን ሞክሩ። ሰ፣ ላ፣ ም። ሰላም!

«ብትም» የሚል ደረሳችሁ። በ፣ ታ፣ ም። «በታም» የሚል ቃል የለም፤ ግን «በጣም» የሚለው ይቀርበዋል። በእንግሊዝኛ ፊደል ጠ የለም። ስለዚህ ቲ ብቻዋን ተንም ጠንም ትወክላለች። ኬ እንዲሁ ከም ቀም ትሆናለች፤ አንዳንዱ ግን ለቀ ኪውን ይጠቀማል። ኤስ ሰም ጸም ነው። ሲና ኤች አብረው ሲመጡ ቸም ጨም ናቸው። ጂና ኤን አብረው ሲመጡ አብዛኛውን ጊዜ ኘ ነው። ይህችን ወረቀቱ ራስ ላይ ጻፏት፤ ሁሌ ታስፈልጋችኋለች።

ጥቂት እንለማመድ።

«ትምስግን» ተመስገን ነው። «አምስግንልው» አመሰግናለሁ ነው፤ መጨረሻው ላይ ያለውን ሁ ሰው እንደሚናገረው በደብሊው ይጽፈዋል። «ክንጅ» ቆንጆ ነው፤ እዚህ ሳብዕ ድረስ መሄድ አስፈለገ። «ብክርብ» በቅርብ ነው። «ትፍሽ» ጠፋሽ ነው። ልጃችሁ «ትፍሽ እማ» ካለች ድምፅሽ ናፈቀኝ ማለቷ ነውና ደውሉላት።

አንዳንዱ ቃል ምንም ማዞር አያስፈልገውም። «ችግር» ሦስቱም ፊደሉ ሳድስ ስለሆነ እንደተጻፈ ይነበባል። «ብር»ም እንደዚያው። «ፍክር» ደግሞ «ክ»ን ወደ «ቅ» ብቻ ስትለውጡ ፍቅር ይሆናል። እንዲህ ያሉት እንደ ምልክት ድንጋይ ናቸው። መጀመሪያ እነሱን ፈልጉና ያዙ፤ ዙሪያቸው ያለው ቃል ይከተላል። «ችግር ይልም» የሚለውን ስታዩ ችግርን ከያዛችሁ የለም ራሱ ይመጣል።

ሀ ድምፅ ብዙ ጊዜ ይዋጣል። «ድን ንሽ» ደህና ነሽ ማለት ነው። «ድን ንህ» ለወንድ ነው። አንቱ ለሚባል ሰው ሲጻፍ ግን ጠንቀቅ በሉ። ልጅ ለአባቱ «ድን ንት» ብሎ ሲጽፍ «ደህና ኖት?» ማለቱ ነው። ስለ እናቱ እየጻፈ ከሆነ ግን ያው ፊደል «ደህና ናት» ይሆናል። አንዱ ጥያቄ ነው፣ ሌላው ወሬ ነው። የጥያቄ ምልክቱን ፈልጉ። ከሌለ ከፊቱ ስለማን ሲወራ እንደነበር ወደ ላይ ተመልሳችሁ አንብቡ።

ግሡ ላይ ቆም በሉ

እማማን በዝናብ ያስኬዳቸው ይሄ ነው። ሰላምታ ቢሳት ሰው አይጎዳም። ግሥ ሲሳት ግን ያለፈው የሚመጣ፣ የሚመጣው ያለፈ ይሆናል።

ደግነቱ አማርኛ ራሱ ፍንጭ ይሰጣል። «ድውይልው» እና «ድውልልው» የሚሉትን አወዳድሩ። በመጀመሪያው መሃል ላይ ይ አለ፤ ደውያለሁ ማለት ነው፣ አልፏል። በሁለተኛው ል ነው ያለው፤ እደውላለሁ ማለት ነው፣ ገና ነው። «ድርሽልው» ደርሻለሁ ነው፤ «ድርስልው» እደርሳለሁ ነው። ስ ወደ ሽ ከተለወጠ ሰውየው ደርሷል። «ውስጅልው» ወስጃለሁ፣ «ውስድልው» እወስዳለሁ። «ምትችልው» መጥቻለሁ፣ «ምትልው» እመጣለሁ። ባለፈው ነገር ላይ ይ፣ ሽ፣ ጅ ወይም ች ብቅ ትላለች። እሷን ፈልጉ።

ይህች ፍንጭ የማትሠራባቸው ግሦች አሉ። ላከ አንዱ ነው። ልኬያለሁ እና እልካለሁ ሲያጥሩ ሁለቱም «ልክልው» ሊሆኑ ይችላሉ። ጀመረም እንደዚሁ ነው፤ ጀምሬያለሁና እጀምራለሁ አይለዩም። ጠበቀም አይለይም። በእነዚህ ላይ አትገምቱ። በተለይ ላከ ላይ። ብር፣ ሐኪም ቤት፣ የጉዞ ቀን ያለበት መልእክት ከሆነ «ልከሻል ወይስ ትልኪያለሽ?» ብላችሁ ጠይቁ። እማማ አሁን ባንክ ከመሄዳቸው በፊት ይህችን ጥያቄ በድምፅ ይልካሉ።

ቁጥር እንደ ፊደል ሲገባ

«10» ተጽፎ አጠገቡ ኤ ካለ ጤና ነው። የእንግሊዝኛው አሥር «ቴን» ነው፤ ኤ ሲጨመርበት «ቴና» ይሆናል። ከኋላው «ይስትልኝ» ካለ ጤና ይስጥልኝ ማለት ነው። በእኛ ፊደል የሚጽፉትም «1ድ ነገር» ብለው አንድን ያሳጥራሉ። በእንግሊዝኛው ውስጥ 2 «ቱ»፣ 4 «ፎር» ተብለው ስለሚነበቡ በድምፃቸው ቃል ይሞላሉ።

ዐረብ አገር ያሉ ልጆች ሌላ ልማድ ይለምዳሉ። እዚያ ዐረብኛን በእንግሊዝኛ ፊደል የሚጽፉ ሰዎች ለሌለው ድምፅ ቁጥር ይተካሉ። 7 ሐ ነው። 3 ዐ ነው። 5 ደግሞ ኸ ነው። 7 እና 3 የተመረጡት በመልክ ነው፤ 3 ቁጥር ወደ ሌላ ጎን ሲዞር «ዐይን» የሚባለውን የዐረብኛ ፊደል ይመስላል። ስለዚህ «7ቢቢ» ሐቢቢ ነው፤ «5ልስ» ኸላስ ነው፤ አለቀ ማለት ነው። «ወልህ» የምትለው ወላሂ ነች። ጄ፣ ዜድ፣ ኬ ተከታትለው ከመጡ ጀዛከላህ ኸይር፣ አላህ መልካሙን ይመንዳህ የሚል ምስጋና ነው።

ሰዓት ላይም አንድ ነገር ልጨምር። ልጃችሁ «በ8 እደውላለሁ» ካለች የፈረንጁን 8 ነው ወይስ የእኛን? ከመልእክቱ ጎን የሚታየው ሰዓት የፈረንጁ ከሆነ፣ ማታ 8፡00 ወይም 20፡00 ሲል በእኛ ከምሽቱ 2 ሰዓት ነው። ጅዳና ሪያድ ሰዓታቸው ከእኛ ጋር እኩል ነው። ዱባይና አቡዳቢ በ1 ሰዓት ይቀድሙናል።

የእንግሊዝኛው ምህጻረ ቃል

እዚህ ማዞር አይሠራም። እያንዳንዱ ፊደል የአንድ ቃል መጀመሪያ ነውና ማወቅ ብቻ ነው። ግን ያን ያህል ብዙ አይደለም። ደጋግመው የሚመጡት ጥቂት ናቸው።

ኤች ቢ ዲ እንኳን ተወለድክ ነው። ጂ ኤም እንደምን አደርክ፣ ጂ ኤን ደህና እደር ነው። ቢ አር ቢ «መጣሁ፣ ቆይ» ማለት ነው፤ ሰውየው ጠፋ ብላችሁ አትቆጡ፣ ይመለሳል። አይ ዲ ኬ አላውቅም ነው። ቢ ቲ ደብሊው «በነገራችን ላይ» ነው። ፒ ኤል ኤስ እባክህ፣ ቲ ኤች ኤክስ አመሰግናለሁ። ዩ ብቻዋን አንተ ወይም አንቺ ነች። ዲ ኤም ካለ ለብቻ በውስጥ መስመር እናውራ ማለቱ ነው፤ ብዙዎቻችን ኢንቦክስ የምንለው። ኦ ኤም ጂ «አምላኬ!» የሚል የመደነቅ ቃል ነው። የዛሬ ልጆች የፈጠሩት እንዳይመስላችሁ። በ1917 እ.ኤ.አ. አንድ የእንግሊዝ ባሕር ኃይል አድሚራል፣ ጆን ፊሸር፣ ለዊንስተን ቸርችል በላከው ደብዳቤ ውስጥ ተጽፎ ይገኛል።

ኤል ኦ ኤልን ለብቻዋ ላንሳት። «ጮክ ብዬ ሳቅኩ» ማለት ነች። ከፊደሎቹ ተነስቶ «ብዙ ፍቅር» የሚል የሚመስላቸው ሰዎች አሉ። የእንግሊዝ ጠቅላይ ሚኒስትር የነበረው ዴቪድ ካሜሮን ራሱ እንደዚያ ይመስለው እንደነበር በ2012 እ.ኤ.አ. በአደባባይ ምርመራ ላይ ተነግሯል። ስለዚህ ብትሳሳቱ አትፈሩ። ግን ለቅሶ የደረሰበት ሰው ጋ እንዳትልኳት። ያዘነ ሰው ላይ እንደ መሳቅ ነው የሚቆጠረው።

የእኛ ሰው ሳቁን «ክክክ»፣ «ኪኪኪ» ወይም «ሃሃሃ» ብሎ ይጽፈዋል። ኬ ተደጋግማ ከመጣች ሳቅ ናት። ኬ አንዴ ብቻ ከመጣች ግን «እሺ» ናት። ደረቅ እሺ። ከልጅ የመጣች ከሆነ ቸኩሎ ወይም ከፍቶት ሊሆን ይችላል።

በራሳችን ፊደል የሚያጥረው

ይሄን ታውቁታላችሁ። ወ/ሮ፣ ዶ/ር፣ ት/ቤት፣ ፍ/ቤት፣ ኃ/ማርያም ስናነብ ነው ያደግነው። ሕዝባሩ (/) ላይ የተዋጠውን ትሞላላችሁ። ቻት ላይም እንደዚያው ነው። «እግ/ር ይመስገን» እግዚአብሔር ይመስገን ነው። ከነቢዩ ስም ቀጥሎ የሚመጣው ሰ.ዐ.ወ ሰለላሁ ዐለይሂ ወሰለም ነው። ከአላህ ስም ቀጥሎ ሱ.ወ ሱብሐነሁ ወተዓላ ነው። ከሶሐባ (ከነቢዩ ባልደረባ) ስም ቀጥሎ ረ.ዐ ረዲየላሁ ዐንሁ ነው። ወሎ ውስጥ ክርስቲያኑና ሙስሊሙ አንድ የዕድር ግሩፕ ውስጥ ስለሚጻጻፍ ሁለቱንም ማወቅ ይጠቅማል። ጎረቤት የላከውን የምስጋና ቃል እንግዳ ነገር አድርጎ ማለፍ ደስ አይልም።

አራዳ ቃል

እዚህ ፊደሉ ሙሉ ነው፤ የሚጠፋው ትርጉሙ ነው። «ነፍ» ብዙ ማለት ነው፤ «ነፍ ሰው መጣ» ይላሉ። «ፏ ብላለች» አምሮባታል፣ ደምቃለች ነው። «ቺስታ ነኝ» ኪሴ ባዶ ነው። «ጨላ» ገንዘብ ነው። «ጀለስ» ጓደኛ ነው። «ሙድ ያዘብኝ» አሾፈብኝ ነው። «አታካብጅ» አታጋንኚ፣ ነገሩን አታክብጂው ነው። «ላሽ በይው» ተዪው፣ አትቁጠሪው ነው። «አይነፋም» አይረባም ነው። «ከች አለ» ድንገት መጣ ነው። «ፎንቃ» ፍቅር ነው። «ፈታ በይ» ዘና በይ ነው። «ይመችሽ» ምስጋናና ምርቃት ነው፤ በደስታ ተቀበሉት።

ወሎ ደግሞ የራሱ አለው። «አብሽር»፣ ለሴት «አብሽሪ»፣ አይዞሽ ነው። ልጅ «አብሽሪ እማ» ብላ ከጻፈች እያጽናናቻችሁ ነው። «አጃኢብ» ጉድ፣ ድንቅ ነው። እነዚህን ከአባትና ከእናት የወረስናቸው ስለሆኑ ልጆቹ ሲጽፏቸው ደስ ይለኛል። ዐረብ አገርም ደርሰው ከአፋቸው አልጠፉም።

አንድ ቃል ላይ ግን ልባችሁ ይንቃ፦ «ደብሮኛል»። አዲስ አበባ ያለ ተማሪ ሲለው ሰለቸኝ ማለቱ ይሆናል። ሰው ቤት ብቻዋን የምትውል ልጅ ስትለው ግን ሌላ ክብደት አለው። አንዴ ከሆነ ምናልባት የቀኑ ድካም ነው። ሦስት አራት ቀን ከተደጋገመ፣ ወይም ከዚያ በኋላ መልሷ «እሺ»፣ «ደህና» ብቻ እየሆነ ካጠረ፣ ጽሑፉን ተዉትና ደውሉ። ድምፅዋን ስሙ።

ምስሎቹ

በሳቅ ብዛት እንባ የሚያፈሰው ፊት እያለቀሰ አይደለም። እማማ አንድ ሌሊት ሙሉ ልጄ አልቅሳለች ብለው ሳይተኙ አድረዋል። ልጅቷ ግን እየሳቀች ነበር። ይህች ምስል በጣም ከመለመዷ የተነሳ የኦክስፎርድ መዝገበ ቃላት በ2015 እ.ኤ.አ. የዓመቱ ቃል ብሎ መርጧታል። አለያየቱ ቀላል ነው። አፉን ከፍቶ ጥርሱ የሚታይ፣ እንባው በሁለቱ ዓይኖች ጥግ ያለ ከሆነ ሳቅ ነው። ቅንድቡ ወደ ላይ ተሰብሮ፣ አፉ ወደ ታች ተደፍቶ እንባው ጉንጩ ላይ ከወረደ ኀዘን ነው። የተጋጠሙ ሁለት እጆች እኛ ጋ ምስጋና ወይም ልመና ናቸው።

ሳይገባችሁ ሲቀር

ጠይቁ። ልጅ እናቱ ስለጠየቀችው አይንቃትም። ቃሉን አጥብቃ እንደምታነብ ያውቃል። መልእክቱን ጫን ብላችሁ ስትይዙት «ሪፕላይ» የሚል ወይም ወደ ኋላ የታጠፈች ቀስት ይመጣል። እሷን ነክታችሁ «ይቺ ምንድን ናት? ሙሉውን ጻፊልኝ» በሉ። እንዲያ ካደረጋችሁ የትኛዋን ቃል እንዳላወቃችሁ ታያለች። መጻፍ ከከበዳችሁ ማይክሯን ተጭናችሁ በድምፅ ላኩ። የተማራችሁትን ቃል ደብተር ላይ አስፍሩ። እማማ ከቡና ረከቦቱ አጠገብ ትንሽ ደብተር አላቸው፤ እስካሁን ሁለት ገጽ ሞልቷል። አንድ ሰው የሚጠቀምባቸው አጫጭር ቃላት ያን ያህል ብዙ አይደሉም።

ደብተሩ ሌላም ጥቅም አለው። ሰው አጻጻፉ እንደ ድምፁ ነው። የእማማ ልጅ ሁሌ «ስልም እማ» ብላ ነው የምትጀምረው። አንድ ቀን በእሷ ስም «እናቴ ሰላም ነው፣ አሁን በስልክሽ የሚመጣውን ኮድ ላኪልኝ» የሚል መጣ። እማማ ቆም አሉ። እናቴ ብላቸው አታውቅም። ደወሉላት፤ እሷ አልነበረችም፤ ቴሌግራሟ ተጠልፎ ነበር። የሚመጣውን ኮድ ቢልኩ ኖሮ የእሳቸውም ይሄድ ነበር። በስልካችሁ የሚመጣ ኮድ ለማንም፣ ለልጃችሁም ቢሆን፣ አይላክም። ቴሌግራም ቅንብር ውስጥ ገብታችሁ ባለሁለት ደረጃ ማረጋገጫውን አብሩ፤ ካልቻላችሁ የምታምኑት ወጣት ያብራላችሁ።

የራሳችንን ፊደል ስልካችሁ ላይ ጫኑ

አብዛኛው የአንድሮይድ ስልክ ጂቦርድ የሚባለውን የመጻፊያ ገበታ ይዞ ይመጣል፤ አማርኛም አለው። መልእክት የሚጻፍበትን ቦታ ንኩ። ገበታው ሲወጣ የጥርሳም ክብ ምልክቷን ፈልጉ፤ ካላያችኋት የኮማዋን ቁልፍ ጫን ብላችሁ ያዙ። «ላንጉዌጅስ» የሚለውን፣ ከዚያ «አድ ኪቦርድ» የሚለውን ምረጡ። ከዝርዝሩ አማርኛን ፈልጋችሁ ጨምሩ። ከዚያ በኋላ የሉል ምልክቷን ስትነኩ፣ ወይም ረጅሙን የክፍተት ቁልፍ ጫን ብላችሁ ስትይዙ፣ ከእንግሊዝኛው ወደ አማርኛው ይለወጣል።

ዐረብ አገር ያለችው ልጅም እንድትጭን ንገሯት። ሁሉንም በፊደላችን ጻፊ ብላችሁ አታስጨንቋት፤ ሥራ ላይ ቆማ በአንድ እጇ ነው የምትጽፈው። ሦስት ቃል ብቻ ለምኗት፦ «ልኬያለሁ»፣ «እልካለሁ» እና «አሞኛል» ሲሆኑ ሳታሳጥር በአማርኛ ፊደል ትጻፋቸው። እማማና ልጃቸው የተስማሙት እንዲህ ነው። ባለፈው ሳምንት የመጣው መልእክት «ስልም እማ፣ ድን ንሽ» ብሎ ይጀምርና መሃሉ ላይ በግዕዝ ፊደል «ልኬያለሁ» ይላል።